የትኛውን ፍራንኬንስታይን ነው ያያችሁት?

ባለፈው እትም ስለ ድሮ የጭራቅ ፊልሞች ሁለት ገጽ ጻፍኩና ጉድ ፈላ። ይሄ ሁሉ የጭራቅ ወዳጅ በየቤቱ ተደብቆ እንደሚኖር ማን አወቀ! ኢሜይሉ፣ የቴሌግራም መልእክቱ፣ ባንድ በኩል ደግሞ በእጅ የተጻፈ እውነተኛ ደብዳቤ ሳይቀር መጣልኝ። ሁሉንም መመለስ አልችልም። ግን ሳገላብጣቸው አንድ ነገር ገረመኝ። ግማሾቹ ጥያቄዎች ሲጨመቁ አንድ ናቸው፦ እኔ ያየሁትና እሱ ያየው ፊልም ስሙ አንድ ሆኖ ነገሩ ለምን ተለያየ? አጭሩ መልስ፣ እነዚህ ፊልሞች ተቆርጠዋል፣ ተቀጥለዋል፣ ጠፍተው ተገኝተዋል። ካሴትና ዲስክ የምንለው ነገር ደግሞ ቁርጥራጮቹ ተለቃቅመው መልሰው የተሰፉበት ቦታ ነው። ረጅሙ መልስ ከታች አለላችሁ። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። ከአባቴ ጋር ተከራክረን ልንጣላ ነው። እሱ በደርግ ጊዜ በካሴት ባየው ፍራንኬንስታይን ላይ ጭራቁ ወደ ትንሿ ልጅ እጁን ሲዘረጋ ይቆረጣል እንጂ ሐይቅ ውስጥ አይወረውራትም ይላል። እኔ በብሉሬይ ሳየው ወርውሯታል፣ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ማን ልክ ነው?
— አስታራቂ ፈላጊ፣ ከደሴ

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አንተ ግን ቀድመህ አባትህን ይቅርታ ጠይቅ። (ጋሼ ያልከኝን በሆዴ ይዤዋለሁ። ያን ያህል አላረጀሁም።)

ጄምስ ዌል ፊልሙን የሠራው በ1931 ነው። ጭራቁ (ተዋናዩ ቦሪስ ካርሎፍ ነው) ከፈጠረው ዶክተር አምልጦ ሲንከራተት ሐይቅ ዳር ይደርሳል። ማሪያ የምትባል ትንሽ ልጅ ብቻዋን ትጫወታለች። ሰው ሁሉ ሲያየው እየጮኸ ይሸሻል፣ እሷ አልፈራችውም። እጁን ይዛ ወስዳ አጠገቧ ታስቀምጠዋለች፣ ከአበባዋ ታካፍለዋለች። አበባዎቹን አንድ በአንድ ውሃው ላይ ይጥላሉ፣ ይንሳፈፋሉ። ጭራቁ ይስቃል። በሙሉ ፊልሙ ደስ ብሎት የምናየው እዚህች ጋ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም። ከዚያ አበባው ያልቅበታል። ባዶ እጁን ያያል። ልጅቷን ያያል። ክፋት የለበትም፤ አበባ ከተንሳፈፈ እሷም ትንሳፈፋለች ብሎ ነው ብድግ አድርጎ የሚወረውራት። ሳትንሳፈፍ ስትቀር የሚሆነውን ተመልከት፤ ግራ ተጋብቶ፣ እጆቹን እያርገበገበ፣ እየተደናበረ ይሸሻል። እኔ እዚህ ጋ ከልጅቷ እኩል ለሱም ነው ያዘንኩት።

ይህ ለብዙ ሳንሱሮች አልተዋጠላቸውም። ገና ሲወጣ በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ተቆረጠ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ፊልሙ እንደገና ሲኒማ ቤት ሲገባ ደግሞ ከዋናው ላይ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት ሰው ያየው አባትህ ያየውን ነው። ጭራቁ እጁን ይዘረጋል፣ ይቆረጣል፣ ቀጥሎ አባትየው የልጁን ሬሳ ታቅፎ በሰርግ ፈንጠዝያ መሀል እየተራመደ ይመጣል። እስቲ አስበው፤ በመሀል ምን ተፈጸመ? ተመልካቹ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚሞላው ነገር ከተቆረጠው አሥር እጥፍ የከፋ ነው። ሳንሱሩ አንድ የዋህ ፍጡር ያጠፋውን ጥፋት ደብቆ የአውሬ ወንጀል አደረገው። ቁርጥራጩ እንግሊዝ አገር የፊልም መዝገብ ቤት ውስጥ ተገኝቶ የተመለሰው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፣ ያውም ለካሴትና ለሌዘር ዲስክ (ከዲቪዲ በፊት ለነበረው ትልቅ ዲስክ) ሽያጭ ሲባል። አባትህ ያየው ከዚያ በፊት የተቀዳ፣ ከቅጂ የተገለበጠ ካሴት መሆን አለበት።

ሌላም አለ። ዶክተሩ "ሕያው ነው! ሕያው ነው!" እያለ ከጮኸ በኋላ እግዚአብሔር መሆን ምን እንደሚመስል አሁን ገባኝ ይላል። እሱን አልቆረጡትም፣ ነጎድጓድ አለበሱበት! እሱም ኋላ ላይ ተመልሷል። እና እባካችሁ፣ ፍራንኬንስታይን የዶክተሩ ስም ነው። ጭራቁ ስም የለውም። መግቢያው ላይ ተዋንያን ሲዘረዘሩ እንኳ በካርሎፍ ቦታ ያለው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የ1931ዱን ድራኩላ በዲቪዲ ገዛሁ። ሙዚቃ የለውም! ሰው ዝም ሲል ሽሽሽ የሚል ነገር ብቻ ነው የሚሰማው። ተሸወድኩ?
— ተጠራጣሪዋ፣ ከሃዋሳ

መልስ፦ አልተሸወድሽም። ፊልም መናገር ከጀመረ ገና አራት ዓመቱ ነበር፣ ያኔ ደግሞ ሙዚቀኛው ሳይታይ ሙዚቃ ቢሰማ ተመልካቹ ከየት መጣ ብሎ ግራ ይገባዋል ብለው ይሰጉ ነበር። መግቢያው ላይ የቻይኮቭስኪ ስዋን ሌክ አለች፣ ኮንሰርት አዳራሹ ጋ ትንሽ ይሰማል፣ የቀረው ፀጥታ ነው። በ1999 የወጣው ዲቪዲ ፊሊፕ ግላስ የሚባል የሙዚቃ ደራሲ አዲስ ጽፎለት ክሮኖስ ኳርቴት የሚባል ቡድን የተጫወተው ሙዚቃ በአማራጭ አለው። ያንቺ ዲስክ እሱ ከሆነ ሪሞቱ ላይ ኦዲዮ የሚለውን ተጫኚና ሞክሪው። እኔ አልተስማማኝም፤ ድራኩላን የሚጫወተው ቤላ ሉጎሲ ደረጃው ላይ ሻማ ይዞ ሲቆም የሚያስፈራው ዝምታው ነው። ሽሽታውን በ2012ቱ ብሉሬይ ላይ በደንብ ጠርገውታል።

ይልቅ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሲሽሎከለክ የነበረውን አርማዲሎ አይተሻል? ትራንሲልቫኒያ ውስጥ አርማዲሎ! የአሜሪካ እንስሳ እኮ ነው። ማን ምን ብሎ እንዳስገባው እንጃ።

ጥያቄ፦ አንድ የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ የሥራ ባልደረባዬ "ትክክለኛው ድራኩላ የስፓኒሹ ነው" ብሎ ሊያሳምነኝ ይታገላል። በላዩ ላይ የተተረጎመ መስሎኝ ነበር። ሌላ ፊልም ነው እንዴ?
— ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ሌላ ፊልም ነው፤ ያውም በጣም ደስ የሚል ታሪክ ያለው። ያኔ ድምፅን በሌላ ቋንቋ መተካት ገና አልተለመደም። ስለዚህ የፊልም ኩባንያው ዩኒቨርሳል በዚያው ስቱዲዮ፣ በዚያው ዲኮር፣ ሌላ ድራኩላ አሠራ። እነሉጎሲ ቀን ቀርጸው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ማታ የስፓኒሾቹ ተራ ይደርሳል። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሜልፎርድ ስፓኒሽ አይችልም፣ በአስተርጓሚ ነው የሠራው! የማታዎቹ ግን አንድ ዕድል ነበራቸው፤ ቀን የተቀረጸውን አይተው "እኛ ከዚህ እናሻሽለዋለን" ማለት ይችሉ ነበር። አሻሻሉትም። ካሜራው ይንቀሳቀሳል፣ ታሪኩ ይፍታታል። የእንግሊዝኛው 75 ደቂቃ ነው፣ የስፓኒሹ 104።

ፊልሙ ለዓመታት የጠፋ ያህል ነበር። የተገኘው ኮፒ አንዱ ክፍል ተበላሽቶ ስለነበር የጎደለው ኩባ ካለ ኮፒ ተሟልቶ በ1992 በካሴት ወጣ። ዋናዋ ተዋናይት ሉፒታ ቶቫር ይህን ሁሉ ለማየት ደርሳለች፤ በ2016 ስታርፍ 106 ዓመቷ ነበር።

ባልደረባህ ትክክለኛው ያለው ላይ ግን ልቀንስበት። የስፓኒሹ ድራኩላ ካርሎስ ቪያሪያስ ሲያፈጥ ያስቀኛል፣ ሉጎሲ ሲያይህ ደምህ ይቀዘቅዛል። የማታውን ካሜራ ለቀኑ ድራኩላ ቢሰጡልኝ በወደድኩ። አሁን ሁለቱም በአንድ ሣጥን ይሸጣሉና ባልደረባህን ቡና ጋብዘህ ባንድ ቅዳሜ ሁለቱንም እዩዋቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከቨርጂኒያ የጎድዚላ ብሉሬይ ላከልኝ፤ ክራይቴሪየን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው፣ 15 ፊልም ያለበት ትልቁ። ከዱባይ ባመጣሁት ማጫወቻ ሳስገባው "ይህ ዲስክ በዚህ አካባቢ አይሠራም" ዓይነት ጽሑፍ አወጣብኝ። ዲስኩ ነው ማጫወቻው የተበላሸው? ሁለተኛ ጥያቄ፣ ከ15ቱ ከየትኛው ልጀምር?
— ከአዲስ አበባ፣ ሳር ቤት

መልስ፦ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ችግሩ የሪጅን ነው። ብሉሬይ ዓለምን በሦስት ከፍሏል፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። አሜሪካና ጃፓን ኤ ናቸው። አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ ቢ ናቸው። ስለዚህ የዱባይ ማጫወቻህ የኛ ዘመድ ነው፣ ዲስኩ ግን የኤ ነው። ክራይቴሪየን አሜሪካ የሚያወጣቸውን ብሉሬዮች ይቆልፋል። የዩኒቨርሳል ጭራቆች ቢሆኑ ምናልባት ይከፈትልህ ነበር፤ እነሱ ብዙ ጊዜ አይቆልፉም።

በዲቪዲ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ስድስት ቦታ ነው የተከፈለው። አሜሪካ 1፣ ዱባይ 2፣ እኛ 5። በርካሽ የዲቪዲ ማጫወቻ ግን ማንም ስለዚህ ተጨንቆ አያውቅም፣ ያገኘውን ሁሉ ያጫውታልና። ብሉሬይ ማጫወቻ ላይ እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ያለህ ምርጫ ሁሉንም ሪጅን የሚያጫውት መግዛት ነው። ወንድምህ ዲስኩን ከላከ አይቀር እሱንም ይላካ! ከብሉሬይ ይበልጥ የጠራው ፎር ኬ የሚባለው ዲስክ የሪጅን ቁልፍ የለበትም፣ እሱን ካገኘህ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ትድናለህ።

(የካሴት ዘመን ሰዎች ይህን በሌላ ስሙ ታውቁታላችሁ። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ካሴት የኛ ዴክ ውስጥ ሲገባ ስዕሉ እየተንከባለለ፣ ቀለሙ ጠፍቶ ይመጣ ነበር። የቴሌቪዥን ሥርዓታችን ተለያይቶ ነው፤ የነሱ ኤንቲኤስሲ፣ የኛ ፓል። ጥቁርና ነጭ ለሆነ ፊልም ቀለሙስ ግድ የለም፤ ጎድዚላ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሲሽከረከር ግን ያማል።)

ሁለተኛው ጥያቄህ ይሻለኛል። ከመጀመሪያው ጀምር፣ ከ1954ቱ፣ ከጃፓንኛው። ሣጥኑ ውስጥ የ1956ቱ የአሜሪካኖች ቅጂም አለ፤ እሱን ለኋላ አቆየው። አሜሪካኖቹ ሬይመንድ በር የሚባል ተዋናይ ቀርጸው በጋዜጠኝነት መሀል መሀል ሰኩት፣ ከዋናው ብዙ አወጡ፣ 96 ደቂቃ የነበረው 80 ገደማ ሆነ። ምን አወጡ መሰለህ? ባቡር ውስጥ ተሳፋሪዎች ሲያወሩ አንዲት ሴት ከናጋሳኪ በስንት መከራ የተረፍኩት ለዚህ ነው ትላለች። እንደ ዋዛ፣ ወደ ሥራ እየሄደች። ያቺ ዓረፍተ ነገር አሜሪካ አልደረሰችም።

ያኔ ለጃፓን ተመልካች ይህ ተረት አልነበረም። በመጋቢት 1954 አሜሪካ ቢኪኒ በሚባል የፓስፊክ ደሴት ላይ የሃይድሮጂን ቦምብ ስትሞክር ዳይጎ ፉኩርዩ ማሩ የምትባል የዓሣ ጀልባ ላይ 23 ሰዎች ነበሩ፤ አመዱ ወረደባቸው፣ ታመሙ። የጀልባዋ ሬዲዮ ኦፕሬተር በመስከረም ሞተ። ጎድዚላ ሲኒማ ቤት የገባው በኅዳር ነው። አሁን መግቢያውን እየው፤ መርከበኞች ደክሟቸው ዴክ ላይ አረፍ ብለዋል፣ አንዱ ይጫወታል፣ ድንገት ባሕሩ ያበራል። ጃፓናዊው ወንበሩ ላይ ምን እንደተሰማው ይገባሃል። የዳይሬክተሩ የኢሺሮ ሆንዳ ዋናው ፊልም በአሜሪካ በደንብ በዲቪዲ የወጣው በ2006 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ሰው ጎድዚላን የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው እያለ ሲስቅበት የኖረው ግማሹን ብቻ አይቶ ነው።

ያ ጩኸቱ ደግሞ! ሙዚቀኛው አኪራ ኢፉኩቤ ሙጫ የተቀባ የቆዳ ጓንት በኮንትራባስ ክር ላይ ጎትቶ ነው ያወጣው። ማሲንቆ ዕጣን ሳይቀባ እንደማይጮህ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም።

ጥያቄ፦ ልጄ ዎልፍ ማን የሚባል የድሮ ፊልም ካላየሽ ብሎ አስቀመጠኝ። ሰው ሌሊት ተኩላ ይሆናል። እኔ ስቄ "ይሄ የኛ ቡዳ አይደል፣ ጅብ የሚሆነው?" ብለው "የኛ ይቀድማል ወይስ የነሱ?" አለኝ። መልስ አጣሁ።
— እናት፣ ከሐይፋ

መልስ፦ እናቴ፣ እርስዎ ቀድመዋል! ፊልሙ የ1941 ነው፣ የቡዳና የጅቡ ወሬ ግን ከዚያ በፊት አገራችን የመጡ ብዙ የውጭ ተጓዦች የጻፉት ነው። በጥይት የተመታ ጅብ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን እርስዎም ሳይሰሙት አልቀሩም። አውሮፓም ቢሆን የራሱ የተኩላ ሰው ወሬ ከጥንት ነበረው። ልዩነቱ እነሱ ጋ አንድ ጸሐፊ ቁጭ ብሎ ደንብ አወጣለት። ኩርት ሲዮድማክ ይባላል፣ ናዚዎችን ሸሽቶ ከጀርመን የወጣ አይሁዳዊ። ከብር በተሠራ መሣሪያ ብቻ መገደሉን፣ ቀጥሎ የሚሞተው ሰው መዳፍ ላይ ኮከብ መታየቱን ዛሬ ሰው ጥንታዊ ባህል ይመስለዋል፤ አብዛኛው ግን የተስፋፋው ከዚህ ፊልም ነው። በኮከብ ምልክት ተደርጎበት የሚታደን ሰው ከየት እንደመጣለት እርስዎ ካሉበት አገር ሆኖ መገመት አያቅትም።

ለልጅዎ አንድ ነገር ይጨምሩለት። ዎልፍ ማን ተረት ነው፣ ማንንም አልጎዳም። ቡዳ ግን ስንቱን ብረት ቀጥቃጭ፣ ስንቷን ሸክላ ሠሪ ከጎረቤት አስነጥሏል፤ ቤተ እስራኤሎችም ቀምሰውታል። ከቤተሰብዎ ሽማግሌ ካለ እሱ በደንብ ያወራዋል።

ጥያቄ፦ ኪንግ ኮንግ ሳይ ፀጉሩ ንፋስ እንደሚነፍስበት ዝም ብሎ ይርገበገባል። ሆን ተብሎ ነው? ደግሞስ ባለቀለም የለውም?
— ከድሬዳዋ

መልስ፦ የሰው ጣት ነው! የ1933ቱ ኮንግ አብዛኛውን ጊዜ ቁመቱ ግማሽ ሜትር የማይሞላ፣ በጥንቸል ፀጉር የተሸፈነ አሻንጉሊት ነው። ዊሊስ ኦብራየንና ሰዎቹ ትንሽ ያንቀሳቅሱታል፣ አንድ ፎቶ ያነሳሉ፣ እንደገና ያንቀሳቅሱታል። ለአንዲት ሰኮንድ 24 ፎቶ። በነኩት ቁጥር ፀጉሩ ይተኛል ይነሳል፣ ሲጫወት ይርገበገባል። በደበዘዘው ካሴት ይህ እምብዛም አይታይም ነበር፣ በ2010 በወጣው ብሉሬይ ግን የእያንዳንዱን ጣት አሻራ የምታይ ይመስልሃል። ለእኔ ከጎሪላው ይልቅ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው፤ ከሞቱ ስንት ዓመት የሆናቸው ሰዎች እጅ እዚያው ፀጉሩ ላይ አለ።

ይህም ፊልም ተቆርጦ ነበር፤ በ1938። ሰው ሲያኝክ፣ መንደርተኛ ሲረግጥ፣ አንዲት ሴት ከፎቅ አንጠልጥሎ ሲለቅ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ተገኝተው ተመለሱ። በ1984 ደግሞ ክራይቴሪየን በሌዘር ዲስክ ሲያወጣው ሮናልድ ሄቨር የሚባል የፊልም ታሪክ አዋቂ ፊልሙ እየሄደ ጎን ለጎን የሚተርክበት ድምፅ አስገባ። ዛሬ በየዲስኩ የምንሰማው የዳይሬክተር ማብራሪያ የተጀመረው ከዚያ ነው።

ባለቀለሙ? አለ። አትየው።

ጥያቄ፦ አባቴ ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቆጥ ላይ ሦስት ካርቶን ካሴት አገኘሁ፤ ድራኩላ፣ ዞምቢ፣ ምኑ ቅጡ። መስኮቱ ላይ ስመለከት ቴፑ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አውጥቷል። ማየት እችላለሁ?
— ከፒያሳ

መልስ፦ እንዳታስገቢው! ሻጋታ ነው። ዴኩ ውስጥ ከገባ ቴፑን የሚያነበውን ጭንቅላቱን ይበክላል፣ ቀጥሎ የምታስገቢውን ንጹሕ ካሴትም ያስይዘዋል። ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ክረምቱን ቆጥ ላይ የከረመ አንድ ካሴት ቸኩዬ አስገብቼ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስዕሉ በረዶ ሆነ፣ ቴፑ ተጠመጠመ፣ አውጥቼው ስጨርስ ዴኩም ካሴቱም አብረው አረፉ።

የሻገቱትን ለይተሽ በላስቲክ አሽጊ። ደህናዎቹን ደረቅ ቦታ፣ እንደ መጽሐፍ አቁመሽ አስቀምጪ። ከስፒከርና ከማግኔት አርቂ። ከማጫወትሽ በፊት ዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ አጠንጥኚ። ፊልሞቹን ራሳቸውን ለማዳን አትድከሚ፤ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ናቸው፣ በየግልበጣው ስዕሉ እየሳሳ ነው የሚሄደው፣ ዛሬ ሁሉም በተሻለ ጥራት አለ። ያባትሽ የእጅ ጽሑፍ ያለበትን ልጣፍ ግን እንዳትጥዪ፣ አንድ ሁለቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። "ድራኩላ – በጣም ያስፈራል – ልጅ እንዳያይ" ዓይነት ነገር ካለበት እጄ ላይ ያለውን ፖስተር ሁሉ እለውጥሻለሁ።

ጥያቄ፦ የክሪስቶፈር ሊን ድራኩላ (1958) ለንደን ገዛሁ። ሳጥኑ ላይ ሁለት ቅጂ አለ ይላል፣ አንዱ የ2012 ነው። የትኛውን?
— ከለንደን

መልስ፦ የ2012ቱን። የእንግሊዝ ሳንሱር መጨረሻው ላይ ድራኩላ ፀሐይ ሲነካው ያለውን አሳጥሮት ነበር። ሰው ሁሉ ጠፍቷል ብሎ ተስፋ ቆርጦ ሳለ ቶኪዮ ፊልም ማዕከል ውስጥ፣ በ1984 ከደረሰ ቃጠሎ የተረፉ የፊልሙ የመጨረሻ ጥቅሎች እንዳሉ ታወቀ። ተጎድተዋል፣ ግን አሉ። ከነሱ ተወስዶ ነው የተሟላው። ድራኩላ በጣቶቹ የገዛ ፊቱን ሲልጥ የምታዪው እዚያ ነው። እራት ሳትበዪ እዪው።

ጥያቄ፦ ብር የለኝም፣ ፍላጎት አለኝ። አንድ ብቻ ልግዛ፣ የቱን?
— ተማሪ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ብራይድ ኦፍ ፍራንኬንስታይን፣ 1935። ያው ጄምስ ዌል፣ ያው ካርሎፍ፣ ግን አሁን ጭራቁ ይናገራል። ዓይነ ስውሩ መናኝ ቤት ገብቶ ዳቦና ወይን ሲካፈሉ፣ ሙዚቃ ሲሰማ እንባው ሲወርድ እስቲ አታልቅስ! ዩኒቨርሳል በ2018 ሰላሳውን ፊልም ባንድ ሣጥን በብሉሬይ አውጥቷል፣ በ2021 እና በ2022 ደግሞ ዋና ዋናዎቹን በፎር ኬ። እሱ ሥራ ስትይዝ ይደርሳል። ሁለት መግዛት ከቻልክ ኖስፌራቱን ጨምር። የድራኩላ ደራሲ መበለት የባሌን መጽሐፍ ያለፈቃድ ሠራችሁት ብላ ከሳ፣ ፍርድ ቤቱ ኮፒዎቹ ሁሉ ይውደሙ ብሎ የፈረደበት የ1922 ፊልም ነው። የተረፈውን ነው የምናየው።

ጥያቄ፦ አንድ ፊልም በፍላሽ የሚጭን ልጅ "ለንደን አፍተር ሚድናይት አለኝ፣ 1927፣ ሙሉው፣ ለሌላ ሰው አልሰጠሁም" አለኝ። 500 ብር ጠየቀኝ። ልክፈል?
— ከአዳማ

መልስ፦ ድራኩላን የሠራው ቶድ ብራውኒንግ ነው የሠራው። ተዋናዩ ሎን ቼኒ ረጅም ባርኔጣ አድርጎ፣ ጥርሱን እንደ መጋዝ አሹሎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፤ ፎቶውን ያላየ የለም። ፊልሙን ግን በሕይወት ካሉት ያየው ካለ እጅግ ጥቂት ነው። የሚታወቀው የመጨረሻ ኮፒ በ1960ዎቹ ኤምጂኤም በሚባለው የፊልም ኩባንያ መጋዘን ውስጥ በደረሰ ቃጠሎ ነደደ። በ2002 ከቀሩት ፎቶዎች ተገጣጥሞ ለቴሌቪዥን የተሠራ አለ፤ ስዕሉ አይንቀሳቀስም፣ ፎቶ በፎቶ ነው የሚሄደው። ልጁ ያለው እሱ ነው። እሱም ቢሆን ደስ ይላል፣ ግን 500 ብር አያወጣም፤ መቶ በለው።

ብቻ ከመክፈልህ በፊት አስከፍተህ እይ። ቼኒ ሲራመድ ካየህ፣ አንድ እርምጃም ቢሆን፣ የጠየቀህን ክፈልና ሌሊትም ቢሆን ደውልልኝ።